ካርቦን ብርሃንን ወደ ድምፅ የሚለውጠው እንዴት ነው? ለአንድ የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ሲያፈላልጉ፣ ካርቦን ናኖቱዩብ (ከካርቦን አተሞች የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ) ወይም የሻማ ጥቀርሻ ባለበት ስስ የሲሊኮን ላስቲክ ላይ የሌዘር ብርሃን ሲያርፍ ጠንካራ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ለሰው ጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ፣ እንደሚፈጠር አነበቡ። ከዚያም አራት ነገር ይጠይቃሉ፦ ብርሃኑ ካርቦኑን መትቶ ያንቀጠቅጠዋል ማለት ነው? ጥቁር ነገር ሁሉ ይህን ማድረግ ከቻለ ውዱ ናኖቱዩብ ለምን አስፈለገ? ለተራ ድምፅ ማጉያስ ሊውል ይችላል? ውድ መሣሪያ በሌለበት ላቦራቶሪ ለተማሪዎች ማሳየትስ ይቻላል?

ውድ ጠያቂ፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ የጉዳዩ ሥር ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር፤ መልሱም አይደለም ነው። ብርሃን ባረፈበት ነገር ላይ ቀጥተኛ ግፊት ማሳደሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ግፊት እጅግ ኢምንት ነው። በእንዲህ ዓይነት ሙከራ ልንጠቀምበት የምንችለውን አንድ የሌዘር ምት እንውሰድ፤ 1 ሚሊጁል ጉልበት በ1 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ በ10 ናኖሰከንድ (ናኖሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ውስጥ ያርፋል እንበል። የዚህ ብርሃን ቀጥተኛ ግፊት 3 ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ከዚሁ ምት የሚገኘው የድምፅ ግፊት ግን፣ ዝቅ ብዬ እንደማሰላው፣ በመቶ ሺዎች ፓስካል የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ድምፁ የመጣው ከመመታት ሳይሆን ከሙቀት ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፌ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ነገር ማስገንዘብ እፈልጋለሁ፦ ድምፁን የሚፈጥረው በዋናነት ካርቦኑ አይደለም፤ አጠገቡ ያለው ላስቲክ ወይም አየር ነው። የካርቦኑ ሥራ ብርሃኑን መዋጥና ሙቀቱን ሳይዘገይ ለጎረቤቱ ማስረከብ ነው። ይህን ከያዙ ቀሪዎቹ ጥያቄዎች አብዛኛውን ራሳቸው ይፈታሉ።

ሂደቱ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ካርቦኑ ብርሃኑን ይውጣል፤ የተዋጠው ብርሃን ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱ አካባቢውን በድንገት እንዲለጠጥ ያስገድደዋል፤ ድንገተኛው መለጠጥ በዙሪያው ያለውን ነገር ስለሚገፋ የግፊት ሞገድ ይነሳል፤ የግፊት ሞገድ ደግሞ ድምፅ ነው። ሳይለዋወጥ የሚበራ ብርሃን ነገሩን ያሞቀዋል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ድምፅ እንዲኖር ብርሃኑ መለዋወጥ አለበት፤ የድምፁን ባሕርይም የሚወስነው ብርሃኑ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚለዋወጥ ነው።

ግኝቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ከረዳቱ ከቻርልስ ሰምነር ቴይንተር ጋር በዋሽንግተን ከተማ ንግግርን በፀሐይ ብርሃን ጨረር የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሲሠራ፣ በተበሳ ተሽከርካሪ ዲስክ እየተቆራረጠ የሚደርስ የፀሐይ ብርሃን ስስ ነገሮች ላይ ሲያርፍ ነገሮቹ ራሳቸው ድምፅ እንደሚያሰሙ አስተዋለ። በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ጽሑፍ ከሁሉም የሚበልጠውን ድምፅ የሚሰጡት ጥቁር ቀለም ያላቸው፣ ልልና ቀዳዳ የበዛባቸው ነገሮች መሆናቸውን ገለጸ። ከእነዚህም መካከል የመብራት ጥቀርሻ ጎልቶ ወጣ። በዚያው ዘመን ጆን ቲንዳልና ኋላ ኤክስሬይን ያገኘው ቪልሄልም ሬንትገን ጋዞች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው ነበር። ዛሬ ናኖቱዩብና ግራፊን (የአንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ) እያልን የምናነሣው ሁሉ፣ ቤል ጥቁር፣ ልልና ቀዳዳማ ብሎ ያስቀመጠውን መስፈርት እጅግ በላቀ ሁኔታ የሚያሟላ ካርቦን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቤል ያልነበረው በናኖሰከንድ የሚለካ የሌዘር ምት ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ። ካርቦን የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ለብርሃን ያለው ጠባይ ነው። በግራፊን፣ በናኖቱዩብና በጥቀርሻ ውስጥ በካርቦን አተሞች መካከል እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች ስላሉ፣ ከአልትራቫዮሌት እስከ ኢንፍራሬድ ያለውን ብርሃን ሁሉ ይውጣሉ። አንድ ማቅለሚያ ንጥረ ነገር የተወሰነ የሞገድ ርዝመት ብቻ ይመርጣል፤ ካርቦን ግን አይመርጥም፤ ስለሆነም በእጅዎ ያለው ሌዘር አረንጓዴም ይሁን ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ይሠራል። ውፍረቱ የአንድ አተም ብቻ የሆነው የግራፊን ንጣፍ እንኳን ከሚያርፍበት ብርሃን 2.3 በመቶውን ይውጣል፤ ቀጥ ብለው እንደ ጫካ የበቀሉ ናኖቱዩቦች ደግሞ ከ99.9 በመቶ በላይ ሊውጡ ይችላሉ። አሉሚኒየም በተቃራኒው የሚታየውን ብርሃን 90 በመቶ ገደማ መልሶ ያንጸባርቃል። ከዚህ በተጨማሪ በካርቦን ውስጥ የተነቃቁት ኤሌክትሮኖች ጉልበታቸውን በጥቂት ፒኮሰከንዶች (ፒኮሰከንድ የናኖሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው) ውስጥ ለአተሞቹ ንዝረት ያስረክባሉ፤ ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቱዩብ (ቱቦ በቱቦ ውስጥ የተደራረበበት) እና ጥቀርሻ ብርሃኑን በሌላ ቀለም መልሰው አያፈነጥቁትም ማለት ይቻላል። የተዋጠው ከሞላ ጎደል ሁሉ ሙቀት ይሆናል።

ነገር ግን የከሰል ዱቄትም ብርሃንን አሳምሮ ይውጣል። ታዲያ የከሰል ዱቄት ከላስቲክ ጋር ብናደባልቅ ለምን ተመሳሳይ ውጤት አናገኝም? እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ብዙ መማሪያ ጽሑፎች ዘለው የሚያልፉትም ይህንኑ ነው።

በሲሊኮን ላስቲክ ውስጥ ሙቀት እጅግ ቀርፋፋ ነው። የሌዘሩ ምት በሚቆይባት 10 ናኖሰከንድ ውስጥ ሙቀት ከካርቦኑ ወለል ተነሥቶ ወደ ላስቲኩ ሊገባ የሚችለው 65 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ብቻ ነው። አሁን ስፋቷ 10 ማይክሮሜትር (10,000 ናኖሜትር) የሆነች የከሰል ቅንጣት ያስቡ። ብርሃኑን ትውጣለች፤ ትሞቃለችም፤ ሆኖም ምቱ ሲያበቃ ያሞቀችው ላስቲክ በዙሪያዋ ያለውን 65 ናኖሜትር ስስ ቅርፊት ብቻ ነው። ቀሪው ሙቀት በቅንጣቷ ሆድ ውስጥ ተይዞ ይቆይና በብዙ ማይክሮሰከንዶች ቀስ እያለ ይወጣል። ያ ሙቀት ላስቲኩን ማስፋቱ አይቀርም፤ ግን በዝግታ የሚሰፋ ነገር የሜጋኸርዝ ሞገድ፣ ማለትም በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ፣ አይፈጥርም። ሙሉ ድንችና ደቅቆ የተከተፈ ድንች በአንድ እሳት እኩል እንደማይበስሉ ሁሉ፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ካርቦንም እንደ ቅንጣቱ መጠን ፈጽሞ የተለያየ ሥራ ይሠራል። የናኖቱዩብ ውፍረት ከጥቂት እስከ ጥቂት አሥር ናኖሜትር ነው፤ የሻማ ጥቀርሻ ቅንጣትም በአሥር ናኖሜትሮች የሚለካ ነው። በላስቲኩ ውስጥ በደንብ ከተበተኑ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀትም ከዚያው ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሌዘሩ ገና ሳይጠፋ ሙቀቱ ላስቲኩን ያዳርሳል፤ ካርቦኑና ላስቲኩ ከድምፁ አንጻር እንደ አንድ ነገር ይሆናሉ። ናኖ የሚለው ነገር እዚህ ጌጥ አይደለም፤ የመሣሪያው መሥራትና አለመሥራት የተንጠለጠለበት ርቀት ነው።

ላስቲኩ ለምን ተመረጠ የሚለውን በቁጥር ላሳይዎ። በዘርፉ በብዛት የሚሠራበት ፒዲኤምኤስ የተባለው የሲሊኮን ላስቲክ ነው። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ይዘቱ በሺህ 0.9 ገደማ ይጨምራል፤ ይህ ከውሃ አራት እጥፍ፣ ከብረት ደግሞ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ከላይ ያነሣሁት 1 ሚሊጁል በ1 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ አርፎ በ10 ማይክሮሜትር ውፍረት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተዋጠ እንበል። የላስቲኩ ሙቀት የሚጨምረው በ0.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ በ10 ናኖሰከንድ ውስጥ ስለሚሆን ላስቲኩ ለመስፋት ጊዜ አያገኝም፤ ሊሰፋ ፈልጎ ያልቻለው ይዘት ወደ ግፊት ይለወጣል። ግፊቱን ለማግኘት የይዘት መስፋፊያውን መጠን በሙቀት ጭማሪው፣ ውጤቱን ደግሞ በጥግግቱና በድምፅ ፍጥነቱ ካሬ ያባዙ። የላስቲኩ ጥግግት በሜትር ኩብ 970 ኪሎግራም፣ በውስጡ ያለው የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 1,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ 0.6 ሜጋፓስካል ይመጣል፤ ይህም የምንተነፍሰው አየር ግፊት ስድስት እጥፍ ነው። አንድ ዲግሪ እንኳን ያልሞላ የሙቀት ጭማሪ ይህን ያህል ግፊት መስጠቱ፣ ስንት ጊዜ ባሰላው አሁንም ያስደንቀኛል። ያው ጉልበት በዚያው ውፍረት ባለው ውሃ ውስጥ ቢዋጥ የሚገኘው ግፊት አምስት እጥፍ ያህል ያነሰ ነበር።

ላስቲኩ ሌላም ጥቅም አለው። ለድምፅ ያለው የመቋቋም መጠን ለውሃና ለሰውነት ሥጋ ቅርብ ስለሆነ ድምፁ ወደ ውሃ ሲሻገር የሚንጸባረቀው 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከመስታወት ወደ ውሃ ቢሆን ኖሮ ከግማሽ በላዩ በተመለሰ ነበር። ይህ የመስታወት ጠባይ ግን በሌላ በኩል ይጠቅመናል። ግፊቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ስለሚሄድ ከግማሹ በላይ ወደምንፈልገው አቅጣጫ አይሄድም፤ ላስቲኩ በመስታወት ላይ ከተለጠፈ ግን ወደ ኋላ የሄደው ሞገድ አብዛኛው ከመስታወቱ ተመልሶ ከፊተኛው ጋር ይደመራል። ለመመረቂያ ሥራዎ ሙከራ ሲያቅዱ ይህን ዝርዝር እንዳይዘነጉት፤ በፕላስቲክ ላይ የተለጠፈና በመስታወት ላይ የተለጠፈ አንድ ዓይነት ንጣፍ የተለያየ ግፊት የሚያሳዩት ከካርቦኑ የተነሣ አይደለም።

ውፍረቱ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በላስቲኩ ውስጥ ድምፅ 1 ማይክሮሜትር ለመሄድ 1 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ንጣፉ 10 ማይክሮሜትር ከሆነና ሌዘሩ 10 ናኖሰከንድ ከቆየ ሁለቱ ይመጣጠናሉ፤ የሚወጣው ምት አጭር ይሆናል፤ ድግግሞሹም በአሥር ሜጋኸርዞች ውስጥ ይሰፋል። ንጣፉ 100 ማይክሮሜትር ቢሆንና ካርቦኑ በሁሉም ውፍረት ቢሰራጭ የምቱ ርዝመት ይጨምራል፤ ከፍተኛው ድግግሞሽም ይጠፋል። ብርሃኑ በመጀመሪያዎቹ ማይክሮሜትሮች ብቻ ተውጦ ቢያልቅ ደግሞ ቀሪው ውፍረት ድምፁን ከመዋጥ በቀር ሥራ የለውም። ንጣፉ ከሚገባው በላይ ከሳሳ ብርሃኑ ሳይዋጥ ያልፋል። ስለዚህ የላስቲኩ ውፍረት፣ የካርቦኑ መጠንና የሌዘሩ የምት ርዝመት አብረው መመረጥ አለባቸው። ብዙ ጀማሪዎች ካርቦን በጨመሩ ቁጥር ድምፁ የሚጨምር ይመስላቸዋል፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ግን ካርቦኑ ይጓጉላል፤ ላስቲኩም ይሰባበራል፤ ድምፁ ይቀንሳል።

እንግዲህ ውዱ ናኖቱዩብ ግድ ነው ወይ? እንደ እኔ አስተያየት ለጠፍጣፋ ምንጭና ለትምህርት ሥራ ግድ አይደለም። በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ መስታወትን በፓራፊን ሻማ ነበልባል ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ይዞ በተሰበሰበው ጥቀርሻ ላይ ፒዲኤምኤስ ማፍሰስ ብቻ በሜጋፓስካል የሚለካ ግፊት የሚሰጥ ንጣፍ ያስገኛል። ጥቀርሻው ሲከማች በራሱ ቀዳዳማ መረብ ስለሚሠራ ላስቲኩ በቅንጣቶቹ መካከል ሰርጎ ይገባል፤ መበተን የሚባለው ራስ ምታት አይኖርም። ናኖቱዩብን በፈሳሽ ላስቲክ ውስጥ መበተን ግን ከባድ ሥራ ነው፤ ቱቦዎቹ እርስ በርስ ተሳስበው ስለሚጠላለፉ መሟሟቂያ፣ የአልትራሳውንድ መበተኛና ብዙ ጊዜም በቱቦዎቹ ላይ የሚለጠፍ ረዳት ሞለኪውል ያስፈልጋል። የናኖቱዩብ ዋጋ የሚታየው ንጣፉ በጎበጠ ሌንስ ላይ ወይም ከፀጉር ብዙም በማይወፍር የኦፕቲካል ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር) ጫፍ ላይ እኩል ሆኖ እንዲያርፍ፣ ደጋግሞ ሲመታም እንዲጸና ሲፈለግ ነው።

በሕክምና በኩል ያለውን ተስፋ ሦስት ሥራዎች ጥሩ አድርገው ያሳያሉ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ሥራ ናኖቱዩብን በጎበጠ ሌንስ ላይ በማብቀልና በላስቲክ በመሸፈን ድምፁን ወደ አንድ ነጥብ ሰበሰበው። በነጥቡ ላይ ከ50 ሜጋፓስካል በላይ ግፊት ተገኘ፤ የነጥቡ ስፋትም 75 ማይክሮሜትር ነበር። በዚህ ግፊት ውሃ ውስጥ አረፋ ስለሚፈጠርና ስለሚፈርስ፣ ሰው ሠራሽ ጠጠር መሸራረፍና ነጠላ ሕዋስን ከተጣበቀበት ማላቀቅ ተችሏል። በለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደግሞ በአንድ ፋይበር ጫፍ ላይ የናኖቱዩብ ላስቲክ፣ በሌላ ፋይበር ጫፍ ላይ ድምፅን በብርሃን የሚያዳምጥ ስስ ንጣፍ በመግጠም፣ ሁለቱንም በአንድ መርፌ ውስጥ አስገብተው በሕይወት ባለ አሳማ ልብ ውስጥ ከ2 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አይተዋል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ከፋይበር ውጭ ምንም የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለሌለበት በጠንካራ ማግኔት በሚሠራው የኤምአርአይ ምርመራ ክፍል ውስጥ ሊሠራበት የሚችል መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የፋይበሩን ጫፍ አሹለው ነጠላ የነርቭ ሕዋስን በድምፅ መቀስቀስ፣ ኋላም በሻማ ጥቀርሻ የተሠራ የጎበጠ ንጣፍ ተጠቅመው የአይጥ አንጎል ውስጥ ከአንድ መቶ ማይክሮሜትር ያነሰች ነጥብ ማነቃቃት ችለዋል። ለእርስዎ ዘርፍ የመጨረሻው መንገድ ገና ብዙ ያልተነካ ይመስለኛል።

ጉድለቱንም መናገር ይገባል። ከሌዘሩ ጉልበት ወደ ድምፅ የሚለወጠው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ በሆስፒታል አልትራሳውንድ ውስጥ ያለው፣ ኤሌክትሪክን ወደ ንዝረት የሚለውጠው ፒየዞኤሌክትሪክ ሴራሚክ በዚህ ረገድ እጅግ ይበልጠዋል። ቀሪው ሙቀት ሆኖ በንጣፉ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሌዘሩ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ምት ቢሰጥ ላስቲኩ ይግላል፤ የአንዱ ምት ጉልበት ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ንጣፉ ከመስታወቱ ይላቀቃል ወይም ይቃጠላል። ከፍተኛ ድግግሞሽም በሰውነት ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ለስላሳ ሥጋ በየሴንቲሜትሩና በየሜጋኸርዙ ግማሽ ዴሲቤል ያህል ስለሚቀንሰው፣ የ20 ሜጋኸርዝ ድምፅ 1 ሴንቲሜትር ገብቶ ለመመለስ ብቻ ጉልበቱ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። በመሆኑም ይህ ቴክኒክ ሆድ ላይ ተደርጎ ፅንስ የሚታይበትን መሣሪያ አይተካም። ቦታው የደም ሥር ውስጥ፣ የመርፌ ጫፍ፣ የዓይንና የቆዳ ምርመራ ነው፤ ማለትም ጠባብ ስፍራና ጥራት ያለው ምስል አብረው የሚፈለጉበት።

የድምፅ ማጉያውን ጥያቄ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ጎረቤቱ ላስቲክ ሳይሆን አየር ነው። ካርቦኑ ሲሞቅ በወለሉ ላይ ያለውን የአየር ስስ ሽፋን ያሞቃል፤ ያ ሽፋን ሲሰፋና ሲኮማተር እንደ ፒስተን ሆኖ ቀሪውን አየር ይገፋል። ይህን ማብራሪያ በሒሳብ ያስቀመጡት ተመራማሪዎቹ አላን ሮዘንክዋይግና አለን ጌርሾ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በ1,000 ኸርዝ ድምፅ የሽፋኑ ውፍረት ከ0.1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። አየርን በዚህ ፍጥነት ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ካርቦኑ ራሱ ሙቀት የሚይዝ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1917 አርኖልድና ክራንዳል የተባሉ ተመራማሪዎች በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ስስ ፕላቲኒየም ድምፅ ፈጥረው ነበር፤ ግን ፕላቲኒየሙ ብዙ ሙቀት ስለሚይዝ ድምፁ ደካማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የቻይናው ቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕላቲኒየሙን በስስ የናኖቱዩብ ንጣፍ ሲተኩ፣ አንድ ካሬ ሜትሩን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት ከ200 እጥፍ በላይ ቀነሰ፤ ሊተጣጠፍ፣ ሊለጠጥና ብርሃን ሊያሳልፍ የሚችል ድምፅ ማጉያም ተገኘ።

እነዚህ ሁለቱ የሚሞቁት በኤሌክትሪክ ነው። በብርሃን ሲሆን አንድ የሚያምር ልዩነት ይመጣል። የኤሌክትሪክ ሙቀት ከጅረቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ጅረቱ አንዴ ሲመላለስ ሙቀቱ ሁለት ጊዜ ይጨምራል፤ የሚሰማው ድምፅም የገባው ድግግሞሽ እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ለማረም ተጨማሪ ቀጥተኛ ጅረት መጨመር ግድ ነው። የብርሃን ሙቀት ግን ከብርሃኑ ጥንካሬ ጋር እኩል ይሄዳል። የብርሃኑ ጥንካሬ በሙዚቃው ቅርጽ ከተለዋወጠ ሙቀቱም በዚያው ቅርጽ ይለዋወጣል፤ ድምፁ አይዛባም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ሥራ ቀዳዳማ በሆነ የግራፊን ስፖንጅ ላይ ይህንኑ አሳይቷል፤ ስፖንጁ አብዛኛው አየር ስለሆነ ሙቀቱን በሁሉም ቀዳዳ ላለው አየር በቶሎ ያስረክባል፤ ምንም የሚንቀጠቀጥ ሽፋንም የለውም። ቢሆንም ወደ ድምፅ የሚለወጠው ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ለቤት ድምፅ ማጉያ ባልመክረውም፣ ኤሌክትሪክ መግባት በማይችልበት ስፍራ ትክክለኛ የድምፅ ምንጭ ለሚያስፈልገው ሰው ግን በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄ ልለፍ። አዎ፣ ማሳየት ይቻላል፤ ሌዘርም አያስፈልግም። ጠባብ አፍ ያለው ወይም ክዳኑ የተበሳ ደረቅ የመስታወት ማሰሮ ይውሰዱ። በውስጥ በኩል አንዱን ጎኑን በሻማ ነበልባል ጥቀርሻ ያጥቁሩ፤ ሌላውን ጎን ንጹሕ ይተዉት። ንጹሑን ጎን ወደ ተለመደው ባለ ክር አምፖል ያዙሩና ጥቂት ሴንቲሜትር አቅርበው ይያዙት፤ ከዚያም ቀዳዳውን ጆሮዎ አጠገብ ያድርጉ ወይም በጎማ ቱቦ ያገናኙት። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር ጅረቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የአምፖሉ ብርሃን በሰከንድ 100 ጊዜ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ የሚሰማዎትም ለስለስ ያለ የ100 ኸርዝ እዝዝታ ነው። ድምፁ ደካማ ስለሆነ ክፍሉ ጸጥ ያለ መሆን አለበት። በዚህ ማሰሮ ፈንታ ጥቀርሻ የሌለበት ተመሳሳይ ማሰሮ ቢተኩ እዝዝታው ይጠፋል፤ ይህን ንጽጽር ሳያደርጉ ግን ድምፁ ከአምፖሉ ወይም ከጣራው መብራት የመጣ ሊሆን ስለሚችል አይመኑት። ብዙ የኤልኢዲ አምፖሎች ውስጣቸው ያለው ዑደት መለዋወጡን ስለሚያስተካክለው ለዚህ ሙከራ አይሆኑም። በአምፖሉ ፈንታ የፀሐይ ብርሃንን ተጠቅመው፣ ብርሃኑን የሚቆራርጥ በእጅ የሚሽከረከር የተበሳ ካርቶን ዲስክ በማሰሮው ፊት ካቆሙ ደግሞ ዲስኩ በፈጠነ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ይሰማሉ፤ ቤል የሠራውም ይህንኑ ነበር።

ወደ ምት ሌዘርና ወደ ናኖቱዩብ ሲሸጋገሩ ግን ሁለት ነገር ሳያሟሉ አይጀምሩ። የ1,064 ናኖሜትር ሌዘር ለዓይን ስለማይታይ፣ ሲያንጸባርቅ ሳይታወቅ ዓይንን ሊያሳውር ይችላል፤ ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ማድረግ አለበት፤ የሌላ ሌዘር መነጽር አያገለግልም። ደረቅ የናኖቱዩብ ዱቄትም በትንፋሽ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 አንዱን የባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቱዩብ ዓይነት በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል በሚለው 2ቢ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ዱቄቱን መመዘንና ከመሟሟቂያው ጋር መቀላቀል አየር በሚስብ ኮፈን ሥር፣ በጓንትና በጥሩ ጭምብል ይሁን። በላስቲክ ውስጥ ከታሰረ በኋላ ግን በእጅ መያዙ ያን ያህል አያሳስብም፤ ንጣፉን መቁረጥና መፋቅ ካስፈለገ እርጥብ አድርጎ ይቁረጡት።